አክሊሉን የጠራ ግቢ ለገሠንም ይጥራ

አንድ ፕሮፌሰር ትልቅ የሳይንስ ሽልማት አገኙ ሲባል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚፈጠረውን ስሜት በጣም ነው የምወደው። ዜናው ከዲፓርትመንቱ ቢሮ ይነሳና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግቢውን ያዳርሳል። ድሮ ያስተማሯቸው መምህር "ተማሪዬ ነበር እኮ" ይላሉ። ከሳቸው ኮርስ የወሰደ ሁሉ ደብተሩን ፍለጋ ይገባል። አንድም ቀን ክፍላቸው ገብቶ የማያውቅ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሳይቀር ፎቷቸውን ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። በር ላይ ባነር ይሰቀላል፣ ፕሬዚዳንቱ የእንኳን ደስ አለዎት ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ጥበቃው እንኳን መኪናቸው ስትገባ ቆም ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። ደስ ይላል።

ይህን ኩራት የሚያጣጥሉ ሰዎች አሉ። "ሠራተኛው እሱ፣ አንተ ምን አገባህ?" ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሳይንስ አንድ ሰው ክፍሉን ዘግቶ የሚሠራው ነገር አይደለም። ናሙና የሚሰበስብ አለ፣ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ተነስቶ ጄኔሬተር የሚያስነሳ አለ፣ የምርምሩ ገንዘብ በጀት ዓመቱ ሳያልቅ እንዲለቀቅ ፋይናንስ ቢሮ በር ላይ ቆሞ የሚከራከር አለ፣ ውጤቱን አይቶ "ይሄ ቁጥር ልክ አይመስለኝም፣ ድገመው" የሚል ባልደረባ አለ። እነዚህ ሰዎች በሽልማቱ ቀን ቢኮሩ መብታቸው ነው። እንዲያውም እኔን የሚያስጨንቀኝ ኩራቱ መብዛቱ ሳይሆን ማነሱ ነው። በአንድ ፎቶና በአንድ ስም ላይ ብቻ ያርፍና እዚያው ይቀራል።

የምለውን ለማስረዳት ከቤታችን ታሪክ ልነሳ። ባዮሎጂ የተማርኩት አራት ኪሎ ነው። አራት ኪሎ ባዮሎጂ ተምሮ የእንዶድን ታሪክ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። የመጀመሪያ ዓመት ሳለን ነው የሰማሁት፣ ከዚያ በኋላ ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም፣ አሁንም ቢነገረኝ አይሰለቸኝም።

ጊዜው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር 1964 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። አክሊሉ ለማ ከአሜሪካ፣ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው የተመለሱ፣ 30 ዓመት እንኳን ያልሞላቸው ወጣት ናቸው። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሊያጠኑ ዓድዋ አካባቢ ፊልድ ወጥተዋል። ወንዙን ተከትለው ሲሄዱ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ ደረሱ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ተወቅጦ በውኃ ሲታሽ ነጭ አረፋ ያወጣል፤ ነጠላና ጋቢ በእሱ ሲታጠብ እንዴት እንደሚነጣ እናቶቻችን ያውቁታል። አክሊሉ ዓይናቸው ያረፈው ልብሱ ላይ ሳይሆን ውኃው ላይ ነው። ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈዋል። ከማጠቢያው ከፍ ብሎ ግን ቀንድ አውጣዎቹ ደህና ናቸው።

ከላይኛው በኩል በሕይወት ያሉትን ለቀም አድርገው ዕቃ ውስጥ ከተቱና ከሴቶቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ትንሽ ጨመር እንድታደርግበት ለመኗት። ጨመረች። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት የበሽታውን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል እንቁላሉ ከሰው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ እዚያ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ሲዋኝ እግሩን የነከረ ልጅ ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ልጁ ከብት ሊያጠጣ ነው የወረደው፣ ወይ ሊዋኝ። ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ቀንድ አውጣ የሚገድል ኬሚካል በዓለም ላይ አልጠፋም ነበር፤ ነገር ግን ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገዛ ነው፣ ወንዝ ዳር ያለ የገጠር ሰው የሚችለው ነገር አይደለም። እንዶድ ግን አጥሩ ላይ አለ። ማንም ሊተክለው፣ ሊለቅመውና ሊወቅጠው ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር የሚመጣው። ወንዝ ዳር የታየ ነገር ወንዝ ዳር ሊቀር ይችል ነበር። ምርምሩ በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ቤት አገኘ። በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ መሥራቹ አክሊሉ ናቸው። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ እዚያው ዓድዋ ከተማ ላይ ለአምስት ዓመት ሙከራ ተደረገ። ጅረቶቹ በእንዶድ ታከሙ፣ የሕዝቡ ናሙና እየተወሰደ ተመረመረ። ውጤቱ በአጠቃላይ ሕዝቡ ውስጥ የነበረውን የበሽታ ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ አወረደው። በትንንሽ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ። ሁለተኛውን ቁጥር ቆም ብላችሁ እዩት። በሽታው የሚጀምረው በልጅነት ስለሆነ እውነተኛው ድል ያለው እዚያ ላይ ነው።

እስኪ አስቡት፣ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ መመርመር ማለት ምን ማለት እንደሆነ። ሠርቼዋለሁ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ ለተመረቅኩበት ጥናት። አንድ ስላይድ ላይ ጎንበስ ትላለህ፣ እንቁላሎቹን ትቆጥራለህ፣ ጎኗ ላይ ሹል እሾህ ያላትን ስታይ "አለ" ብለህ ትመዘግባለህ፣ ቀጣዩን ታነሳለህ። አንገት ይይዛል፣ ዓይን ይደክማል። የዓድዋውን ስላይድ የቆጠሩት ሰዎች ስማቸው የትም ባነር ላይ የለም። ያ 7 በመቶ የሚለው ቁጥር ግን በነሱ ዓይን ነው የመጣው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ያማል። ግኝቱ በቶሎ ተቀባይነት አላገኘም። ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራው የመርዛማነት ምርመራ አይበቃም፣ በውጭ ላቦራቶሪ፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተደግሞ ካልታየ እየተባለ ዓመታት አለፉ። አክሊሉ በኋላ ላይ ስለዚህ ጉዳይ ሳይሸፋፍኑ ነው የተናገሩት፤ የአፍሪካ ሳይንስ ችግር የመሣሪያና የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም፣ ከአፍሪካ ጥሩ ሳይንስ ይወጣል ብለው ለመቀበል የሚቸገሩ ሰዎችና ተቋማት አመለካከት ጭምር ነው ብለዋል። ጥንቃቄው በሙሉ ክፋት ነበር አልልም። ሰው በሚጠጣው ውኃ ውስጥ የሚጨመር ነገር በደንብ መመርመር አለበት፣ ይሄ ትክክል ነው። የሚያሳዝነው መዘግየቱ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጆች ወንዝ መውረድ አላቆሙም።

ከዚያ 1989 መጣ። ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለው፣ ብዙ ሰው "አማራጭ ኖቤል" የሚለው፣ ስቶክሆልም ላይ የሚሰጠው ሽልማት ለእንዶድ ምርምር ተሰጠ። ወንዝ ዳር ከታየበት ቀን 25 ዓመት ያህል በኋላ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ሌላም ኢትዮጵያዊ ያንኑ ሽልማት ወስደዋል፤ የሀገራችንን የአዝርዕት ዘር ሰብስበው ባንክ ያደረጉት ዶክተር መላኩ ወረደ። በአንድ ዓመት፣ ያውም በጦርነትና በችግር ውስጥ በነበረችበት ጊዜ፣ ከአንዲት ሀገር ሁለት ሥራ! ይህን ስናገር አሁንም ደረቴ ይነፋል። ከ11 ዓመት በኋላ በ2000 ደግሞ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ወሰዱት፤ እሳቸውም የአራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ዲን የነበሩ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የ1989ኙን የእንዶድ ሽልማት ማን ወሰደው?

ግቢ ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ "አክሊሉ ለማ" ይላችኋል። ትክክል ነው፣ ግን ግማሽ ነው። ሽልማቱ የሁለት ሰው ነበር። ሁለተኛው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ለብዙ የባዮሎጂ ምሩቅ ጓደኞቼ ይህን ስም ጠርቼ "ማን ናቸው?" ተብያለሁ። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል፣ ይገባቸዋልም፣ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ለገሠን ስንረሳ የምንረሳው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ሥራ በሙሉ ነው የምንረሳው።

ለገሠ የዕፅዋት ሰው ናቸው። "እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል" ማለት አንድ ነገር ነው። የትኛው እንዶድ? የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። የደጋው ከወይና ደጋው ይለያል፣ አንዱ ፍሬው ትልቅ ሆኖ ኃይሉ ደካማ ነው፣ ሌላው ፍሬው ደቃቅ ሆኖ ኃይለኛ ነው፣ አንዱን ተባይ ይጨርሰዋል፣ ሌላው ይቋቋማል። ፍሬው መቼ ይለቀም የሚለውም አለ፤ ሳይቀላ አረንጓዴ እንዳለ ሲለቀም ነው ኃይሉ የሚበረታው። ይህን ለማወቅ ከየአካባቢው ዝርያ መሰብሰብ፣ ጎን ለጎን መትከል፣ ፍሬ እስኪይዝ መጠበቅ፣ ከዚያ አንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል። ተክል ደግሞ በትእዛዝ አይፈጥንም። ከዚያ ሁሉ ልፋት ውስጥ የወጣው ምርጥ ዝርያ ቁጥር 44 ይባላል። ዛሬም ስለ እንዶድ የሚጻፉ ጥናታዊ ጽሑፎች ላይ ይህ 44 አለ። ገበሬ ሊተክለው የሚችል፣ ምርቱ የሚታወቅ፣ ተመሳሳይ ውጤት የሚሰጥ ተክል ከሌለ ወንዝ ዳር የታየው ነገር ጥሩ ታሪክ ሆኖ ነበር የሚቀረው።

ለዚህ ነው ሁለቱ አብረው የተሸለሙት። ሸላሚዎቹ ይህን አውቀዋል። እኛ ነን የረሳነው።

ለምን እንደምንረሳ ይገባኛል። አንድ ፊት፣ አንድ ስም፣ አንድ ታሪክ ለማስታወስ ይቀላል። ወጣቱ ሳይንቲስት ወንዝ ዳር ቆሞ የሞተ ቀንድ አውጣ ሲያይ ዓይነ ኅሊና ላይ ይቀረጻል። ችግኝ እያጠጣ ዓመት የሚጠብቅ ሰው ግን ፎቶ አይወጣለትም። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ እኮ ከጋዜጣ ይለያል። ሥራ እንዴት እንደሚሠራ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ቢያንስ እርስ በርሳችን እውነተኛውን ታሪክ ልንነጋገር ይገባል። አንድ የማስተርስ ተማሪ ስለ አክሊሉ ብቻ ሲሰማ "እንደዚህ ዓይነት ነገር ለመሥራት ሊቅ ሆኖ መወለድ አለብኝ" ብሎ ያስባል። ስለ ለገሠ ሲሰማ ግን "ይሄንን እኔም እችላለሁ፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው" ይላል። ሁለተኛው ተማሪ ነው ነገ ላብ ውስጥ የሚቀመጠው።

ስለ ሴቶቹም ልጨምር። ያቺ አረፋውን የጨመረች ሴት ማን ነበረች? ስሟ በታሪኩ ውስጥ አይነሳም። እንዶድ የሚያነጣ መሆኑን ያወቁት፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያስተላለፉት፣ በየወንዙ የተጠቀሙበት እነሱ ናቸው። አክሊሉ ያዩት የነሱን ሥራ ውጤት ነው። ትልቅነታቸውም እዚያ ላይ ነው፤ ሴቶቹን አክብረው ጠየቁ፣ ልብስ አጣቢ ናቸው ብለው አላለፏቸውም። ስለ አክሊሉ ሳስብ ከዲግሪያቸው በላይ የሚያኮራኝ ይሄ ነው።

ሌላ የማነሳው የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታን ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ኩራቱ የሁለት ግቢ ነው። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ሲያሸንፉ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበሩ። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ሰጥቷቸዋል። ፐርዱ ኮራ፣ ተገቢ ነው፣ ሥራውን ያሠራው እሱ ነው። ግን የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1973 ያገኙት ከዓለማያ ኮሌጅ፣ ከዛሬው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት ወሎንኮሚ አጠገብ ያደጉ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር በእግር የሚሄዱ ልጅ ነበሩ። ሐሮማያም ሊኮራ መብት አለው። እዚያ ያስተማራቸው መምህር ስለ ማሽላ ሲያወራ ዓይናቸው ባይበራ ኖሮ የቀረው ሁሉ የት ይመጣ ነበር?

ሥራቸውም ለኛ ሩቅ አይደለም። አቀንጭራ የሚባለው አረም ማሽላ ለሚዘራ ገበሬ ጠላት ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ይጠብቃል። የማሽላው ሥር የሚለቀው ኬሚካል ሲደርሰው ብቻ ነው የሚነቃው፤ ከዚያ ሥሩ ላይ ይጣበቅና መሬት ላይ ብቅ ሳይል በፊት ማሽላውን ይመጠዋል። ገበሬው አረሙን ሲያየው አልቋል። ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ያንን የማንቂያ ኬሚካል በጣም ትንሽ ብቻ የሚለቁ የማሽላ ዝርያዎችን ለይተው አዳቀሉ። አቀንጭራው ተኝቶ ይቀራል፣ ማሽላው ያድጋል። ይህንን ላነበበ የሐሮማያ ተማሪ "ከኛ ግቢ የወጡ ናቸው" ከሚለው በላይ "እንዲህ ነው ያሰቡት" የሚለው ነው የሚጠቅመው። የኩራታችን ጽሑፎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሽልማቱን ገንዘብ ጽፈው ሥራውን በአንድ መስመር ያልፉታል።

ነገሩ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በሀብታም ዩኒቨርሲቲም ኩራት አንዳንዴ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ካታሊን ካሪኮ በ2023 ከድሩ ዌይስማን ጋር በሕክምና ኖቤል አሸነፈች። በኤምአርኤንኤ (ለሴል የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ በሚያደርሰው ሞለኪውል) ላይ የሠሩት ሥራ ነው ለኮቪድ ክትባቶቹ መሠረት የሆነው። ሆኖም ትሠራበት የነበረው የፔንስልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ከደረጃዋ ዝቅ አድርጓት ነበር፤ ሥራዋ የምርምር ገንዘብ አያመጣም ተብሎ። ድሩ ዌይስማን እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ጥናታዊ ጽሑፍ ኮፒ ሲያደርጉ ነው የተዋወቋት። ኮፒ ማሽኑ አጠገብ! ሽልማቱ ሲመጣ ያው ዩኒቨርሲቲ አከበራት። ካሊፎርኒያ በርክሌይ ደግሞ ኖቤል ላሸነፈ ፕሮፌሰር ለብቻው የተያዘ የመኪና ማቆሚያ ይሰጣል፣ ምልክትም ተሰቅሎበታል። ደስ የሚል ልማድ ነው። እኔ ግን ካሪኮን ሳስብ የሚታየኝ፣ ያ ሁሉ ሰው ተስፋ በቆረጠባት ጊዜ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያዳመጣት አንድ ባልደረባ መኖሩ ነው። ያ ባልደረባ በዚያን ቀን የዩኒቨርሲቲውን ሥራ ሠርቷል።

ስለዚህ በግቢያችን የሚቀጥለው ትልቅ ሽልማት ሲመጣ (ይመጣል፣ በአሁኖቹ ወጣት መምህራን ላይ ያለኝ እምነት ትልቅ ነው) አንዳንድ ነገር እንድናደርግ እፈልጋለሁ። ባነሩ ይሰቀል፣ ፎቶውም ይለጠፍ። ከዚያ ዲፓርትመንቱ ቁጭ ብሎ ሥራው ላይ እጁ ያለበትን ሰው ስም አንድ በአንድ ይጻፍ፤ ላብ ቴክኒሺያኑን፣ ናሙና ያመላለሰውን ሾፌር፣ መጀመሪያ ላይ ግራንቱ ሲከለከል "እንደገና እንሞክር" ያለውን፣ ናሙና የሰጡትን ሰዎች መንደር። ጽሑፉ በአማርኛም ይጻፍ፣ ቤተሰቦቻችን እንዲያነቡት። የዚያኑ ሳምንት ተሸላሚው ራሳቸው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ክፍል ገብተው ያልሠራውን ሙከራቸውን ይንገሯቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ያለንን እናስተካክል። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በምን ዓይነት ላብ ነው የሠሩት? ችግኞቹ የት ነበር የተተከሉት? የዓድዋውን ስላይድ የቆጠሩት እነማን ናቸው? ይህን የሚያውቁ ሰዎች አርጅተዋል፤ አንዳንዶቹ ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። አባቱ፣ አክስቱ ወይም ጎረቤቱ ፓቶባዮሎጂ የሠራ ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ ሄዶ ይጠይቃቸውና በስልኩ ይቅዳልን።